የስኳር ሕመምተኛ እግርና የመንግሥት ካዝና

ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል እንደሚገጥማቸው ይገመታል። ነርቩ የደነዘዘ እግር ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ስትቆረቁረው አይሰማውም፤ ታማሚው ቁስሉን የሚያውቀው ካልሲው ሲርስ ወይም ሲሸት ነው። ከዚያ በኋላ አልጋው፣ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ፣ የሞተ ሥጋ ጠረጋው ይከተላል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው ቀዶ ጥገናው ይመስለዋል። የእንግሊዝ ስሌት ግን ሌላ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014/15 ለዚህ ችግር የወጣው ከ837 እስከ 962 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ የዋለው ከሆስፒታል አልጋ ውጭ፣ በተመላላሽና በሰፈር ክሊኒክ ለሚሰጥ ክብካቤ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ፋሻ ቅየራው ድረስ ካልዘለቀ፣ ትልቁ ሸክም የሚወድቀው ታማሚው ላይ ነው።

የአከፋፈሉ ዓይነት ሕክምናውንም ይጫነዋል። ጀርመን ለሆስፒታል የምትከፍለው በአመዛኙ በሕመሙ ዓይነት አስቀድሞ በተቆረጠ ሂሳብ ነው። እግር ማዳን ሳምንታት ይፈጃል፣ ደጋግሞም ያስተኛል፤ መቁረጥ ግን ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ቁርጥ ሂሳቡ ወደዚያው ሊገፋ ይችላል። እዚያ እግሩ ሊቆረጥ የታቀደ የስኳር ታማሚ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በመድኑ ወጪ የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብት አለው። ተገቢ እርምጃ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ያዘጋጀው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ደግሞ መስፈርቱን ለሚያሟላ ታማሚ በዓመት አንድ ጥንድ ልዩ ጫማና ሦስት ጥንድ የውስጥ ንጣፍ ይሸፍናል፤ ታማሚው ከመነሻ ክፍያው ሌላ 20 በመቶ ያዋጣል። እዚያ አረጋውያን ወላጆች ያሏችሁ፣ ሐኪማቸውን ጠይቁላቸው።

በኢትዮጵያ ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ተስፋፍቷል። አባሉ በዓመት መዋጮ ከፍሎ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይታከማል፤ ለድሃ ድሃው መንግሥት ይከፍልለታል። ነገር ግን መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ሲጠፋ ቤተሰብ ከግል ፋርማሲ ይገዛል። የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ፣ ቁስል ለማሳጠብ በየሁለት ቀኑ የሚወጣው የትራንስፖርት ብርም ከኪስ ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድንም አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል።

የእግርን ስሜት በ10 ግራም ኃይል ሲጫኑት በሚታጠፍ የናይለን ክር መፈተሽ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ማንኛዋም የጤና ጣቢያ ነርስ ልትሠራው ትችላለች። የመድኑ ጥቅል ሲከለስ ይህ ምርመራ፣ የቁስል ፋሻውና መከላከያ ጫማው በግልጽ ተጽፈው፣ በጀት ተይዞላቸው ይግቡ።