ቧንቧው ሳይቀዘቅዝ ጋዙ አይጫንም

ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት የሚሰነጠቅ ብርጭቆ አይታችኋል? ውስጡ በሙቀቱ ቶሎ ይለጠጣል፣ ውጩ ይዘገያል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ጋዝ ጫኝ መርከብ ላይም ተመሳሳይ አደጋ አለ፤ እዚያ ግን ጠንቁ ቅዝቃዜ ነው።

በኳታር ራስ ላፋን ወደብ የሚጫነው ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ቧንቧው ግን የባሕረ ሰላጤውን ሙቀት ይዟል። ፈሳሹ በአንዴ ቢለቀቅ ሁለት ችግር ይፈጠራል። አንደኛ፣ ፈሳሹ ፈልቶ ይተናል፤ መጠኑም ወደ 600 እጥፍ ስለሚሰፋ ግፊቱ በድንገት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ፈሳሹ የሚነካው የቧንቧውን ታች ስለሆነ ታቹ ቀድሞ ይኮማተራል፤ ቧንቧው ይጎብጣል፣ መጋጠሚያውም ሊያፈስ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ፈሳሽ በዝግታ ይለቀቃል። የሚተነው ጋዝ በሌላ መስመር ወደ የብስ ይመለሳል። የሙቀት መለኪያዎች ይነበባሉ፣ መጋጠሚያዎች ይፈተሻሉ። ፍሰቱ የሚጨመረው ቧንቧው በእኩል ሲቀዘቅዝ ነው። 100 ሜትር የማይዝግ ብረት ቧንቧ እስኪቀዘቅዝ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚያጥር፣ ለመኮማተሩ ቦታ የሚሰጥ ተለጣጭ መጋጠሚያ ይገጠምለታል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይህ ፈሳሽ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም፤ የመርከቡን ተራ ብረት ከነካው እንደዚያ ብርጭቆ ይሰነጥቀዋል።