በኢንጀክተር ላይ ከመፍረድ በፊት

ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሚኒሞው ይወርዳል፤ ዳገት ላይ ይለግማል፤ ቤንዚንም ይበላል። የአሮጌ ቪትዝ ባለቤት ይህን ሲናገር ከጋራዥ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ «ኢንጀክተሩ ነው፤ ይታጠብ» የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ያረጀ ካንዴላ፣ የደከመ ኮይል፣ ተሰንጥቆ አየር የሚያስገባ ቱቦ፣ ግፊቱ የወረደ የነዳጅ ፓምፕም የሚያሳዩት ምልክት ይኸው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለችውን መኪና ማቆየት የግድ ሆኗልና፣ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ነገሩን ማጣራት ያዋጣል።

ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ ነው። ከኋላው ቤንዚኑ በ3 ባር አካባቢ ግፊት ተወጥሮ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ሲያዘው ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔት ይሆንና መርፌዋን ይስባታል፤ ቤንዚኑም እንደ ጉም በኖ ይረጫል። በሚኒሞ ጊዜ ክፍት የሚሆነው 2 ወይም 3 ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር ደግሞ እያንዳንዱ ኢንጀክተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ጊዜን ነው። በዚያች ቅጽበት ስንት ጠብታ እንደወጣ በቀጥታ የሚያይበት መንገድ የለውም።

ቆሻሻው በብዛት የሚጋገረው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ቤንዚን ሲፈስ ጫፉን ያቀዘቅዘዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሙቀቱ ወደ ጫፉ ይወጣል፤ እዚያ የቀረችው ጠብታ ቀላሉ ክፍሏ ይተንና ከባዱ እንደ ቫርኒሽ ይለጠፋል። አጭር አጭር መንገድ እየሄደ በቀን ብዙ ጊዜ የሚጠፋ የከተማ መኪና የሚጎዳው ለዚህ ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነገሩን ያባብሰዋል፤ በቆሸሸ ጀሪካን የተገዛ ደግሞ ውሃና አቧራ ይጨምርበታል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከአራቱ አንዱ ቢደፈን ያ ሲሊንደር ቤንዚን ያንሰዋል። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ግን የሚያነበው የሁሉንም ድምር ስለሆነ የትኛው እንደተራበ አይለይም። ኮምፒውተሩም አንድ ልጅ አለቀሰ ብላ ለሁሉም እንጀራ እንደምትጨምር እናት ለአራቱም ይጨምራል። ሦስቱ ከሚገባው በላይ ይጠጣሉ፤ አንዱ አሁንም ይንቀጠቀጣል። የተደፈነ ኢንጀክተር ቤንዚን «የሚበላው» እንዲህ ነው። («ከፍታው ነው» የሚሉም አሉ። ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ሞተር ጉልበት መቀነሱ እውነት ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ ለሳሳው አየር ቤንዚኑን ስለሚመጥን መንቀጥቀጥን በከፍታ ማሳበብ አያስኬድም።)

ምርመራው የሚጀመረው ከዲያግኖስ ማሽኑ ነው። ፒ 0302 የሚል ኮድ ቢወጣ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አልተቀጣጠለም ማለት እንጂ ኢንጀክተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሮ መንዳት ነው። ኮዱ ወደ 0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ምንም ሳይወጣበት ታወቀ። ካልዞረ ካንዴላውን በዚሁ መንገድ፣ ከዚያም ኢንጀክተሩን ማየት ይቻላል። ረጅም ጠመንጃ መፍቻ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጎ ማድመጥ የቆየ ዘዴ ቢሆንም ዛሬም ይሠራል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ጠቅ ጠቅ ያሰማል። የሽቦው ሬዚስታንስ በእነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ኦም ነው፤ ከወንድሞቹ ርቆ የወጣ ካለ እሱ አይታጠብም፣ ይቀየራል።

ሽቦው ደህና ሆኖ ጫፉ ብቻ ከቆሸሸ ማጠብ ይበቃል። ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ለቀላል ቆሻሻ ይረዳል፤ ለተጋገረው ግን ተፈትቶ በአልትራሳውንድ መታጠብ አለበት። እዚህ ላይ ባለቤቱ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ በመፈተሻ ማሽኑ የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ የተለካው የሚረጨው መጠን። ሳይለካ የታጠበ ኢንጀክተር ስለ ምንም ነገር ማስረጃ አይሆንም።

መቀየር ግድ ከሆነ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ሄዶ «የቪትዝ» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ አራት ሲሊንደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ባለ አንድ ሊትር ሦስት ነው። በድሮው ኢንጀክተር ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአዲሱ ጋር ይመሳከር። ያገለገለ ከተገዛም ሳይፈተሽ አይገጠም።

ሥራው ቤንዚን የሚረጭበት ነውና ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሠራ፤ ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ኦሪንጎቹ አዲስ ይሁኑ፤ የድሮዎቹ ሙቀት ያደረቃቸው ናቸው። በቤንዚን አርሶ፣ ግራ ቀኝ እያዞሩ ማስገባት ነው፤ ገብቶ በእጅ የማይዞር ከሆነ ኦሪንጉ ተቆንጥጧል። ሁሉም ሲያልቅ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ደጋግሞ ማብራት፣ ፓምፑ ግፊት ሲሞላ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በባትሪ መብራት ማየትና ማሽተት ያስፈልጋል። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ዲያግኖስ ማሽኑ ላይ የነዳጅ ማስተካከያው ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው፣ ይታይ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደህና ነው፤ አሁንም ከ10 በመቶ በላይ እየጨመረ ከሆነ የሚፈተሹት የአየር ቱቦዎቹና ፓምፑ ናቸው።