ሂላል፦ ከጣዖት ቤት እስከ ሚናራ



ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «በመስጊዳችሁ ጫፍ ላይ ጨረቃ የተሰቀለው ጨረቃን ስለምታመልኩ ነውን?» ልጁ መልስ ያጣና አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ወላጆችም ስንጠየቅ ብዙውን ጊዜ «ዝም በላቸው!» ከማለት አናልፍም። ዝምታ ግን መልስ አይሆንም። ስለዚህ የሂላልን ታሪክ ከሥሩ እንመልከተው።

ጨረቃ በእርግጥ የተመለከችበት ዘመን ነበር። በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ በነበረችው በኡር ከተማና በዛሬዋ ደቡብ ቱርክ በምትገኘው በሐራን፣ ሲን የተባለው የጨረቃ ጣዖት ታላላቅ ቤተ መቅደሶች ነበሩት። ምልክቱም ሂላል ነበር። በአገራችንም የአክሱም ነገሥታት ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ባወጧቸው ሳንቲሞች ላይ ሂላልና ክብ ቅርጽ ይታያል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል በሂላሉ ምትክ መስቀል አስቀረጸ። እንግዲህ ሂላል ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መላክ በፊት ለብዙ ዘመናት የሌሎች እምነት ምልክት ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ቁርአን ሲወርድ ለጨረቃ ትክክለኛ ስፍራዋን ሰጣት። በሱረቱ ፉሲለት 37ኛው አንቀጽ ለፀሐይም ሆነ ለጨረቃ መስገድ ተከልክሏል፤ ስግደት ለፈጠራቸው ለአላህ ብቻ ነው። በሱረቱል በቀራ 189ኛው አንቀጽ ደግሞ ለጋ ጨረቃዎች ለሰዎችና ለሐጅ የጊዜ ማወቂያ መሆናቸው ተነግሯል። ትመለክ የነበረችው ጨረቃ ቀን መቁጠሪያ ሆነች! የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ በመጋረዷ ሰዎች «ለእርሱ ሞት ነው» አሉ። እርሳቸው ግን በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ሆነው እንኳ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ሲሉ እንደማይጋረዱ አስተማሩ።

ታዲያ ሂላል እንዴት ሚናራችን ላይ ወጣ? በነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሆነ በአራቱ ኸሊፋዎች ዘመን የኢስላም ዓርማ አልነበረም። ሙስሊሞች ፋርስን ከያዙ በኋላ ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት የቀድሞዎቹን የፋርስ ነገሥታት ሳንቲም ከነሂላሉና ከነኮከቡ እየቀረጹ፣ «ቢስሚላህ» የሚል ጽሑፍ ይጨምሩበት ነበር። ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ ኢብን መርዋን ግን በ77 ዓመተ ሂጅራ ምንም ሥዕል የሌለበት፣ በጽሑፍ ብቻ የተሠራ ዲናር አወጡ።

ሂላልን በዓለም ፊት ከሙስሊሞች ጋር ያስተሳሰሩት በተለይ የቱርክ ዑስማኒዮች ናቸው። ሂላልና ኮከብ ያለበት ቀይ ባንዲራቸው እ.ኤ.አ. በ1844 የመንግሥታቸው ሰንደቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1876 ደግሞ በጦርነት ለቆሰሉት ወታደሮች እርዳታ በቀይ መስቀል ፈንታ ቀይ ጨረቃን መጠቀም ጀመሩ፤ ይኸውም በ1929 በጄኔቫ ስምምነት ዕውቅና አገኘ። በ1947 ፓኪስታን፣ በ1962 አልጄሪያ ነፃ ሲወጡ በሰንደቃቸው ላይ ሂላልን አኖሩ። ሁለቱ ሐረሞች በሚገኙባት በሳዑዲ ዐረቢያ ባንዲራ ላይ ግን ያለው የሸሃዳ ቃልና ሰይፍ እንጂ ሂላል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ሂላል መስጊዳችንን ከሩቅ የሚያስታውቅ ምልክት ነው፤ የሚሰገድለት ወይም በረካ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። ስለዚህ በሂላል አናፍርም። ነገር ግን «ከክፉ ይጠብቀናል» ብለን አንገታችን ላይ ብናንጠለጥለው፣ ቁርአን ካወጣን ጨለማ በገዛ እግራችን ተመልሰን መግባታችን ነው።

ለልጃችን የሚሆነው መልስም ሩቅ አይደለም። ለጋ ጨረቃ ሲታይ የሚደረገው ዱዓእ የእኛም የጨረቃዋም ጌታ አላህ መሆኑን መመስከርን ይዟል። በሸዕባን 29ኛው ቀን ምሽት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደጅ እንውጣ። ጨረቃዋን አብረን እንፈልግ፤ ዱዓውንም እናስተምራቸው። ያን ጊዜ «ጨረቃን ታመልካላችሁን?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ አንገቱን አይደፋም።

ወላሁ አዕለም።