የዶሮ የአፍ እርሾ በሽታን በበረኪና መከላከል

መኖ ሳይጓደልባቸው ጫጩቶችዎ ከከሱ፣ ላባቸው ከቆመና ዕድገታቸው ወደኋላ ከቀረ አፋቸውን ከፍተው ይመልከቱ። እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር በአፋቸውና በጉሮሯቸው ከተለጠፈ ካንዲዳ የተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የሞተች ጫጩት ስትከፈት፣ አንገቷ ሥር ያለው የእህል መያዣ ከረጢት ውስጡ ወፍሮ እንደ ፎጣ ይሻክራል።

በሽታው ከምን ይመጣል?

ፈንገሱ በጤነኛ ዶሮ ውስጥም በጥቂቱ ይኖራል። የሚበረታው መጠጫው ሲቆሽሽ፣ መኖው ሲሻግት፣ ዶሮዎች ሲጨናነቁ ወይም እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ነው። መድኃኒቱ ፈንገሱን የሚገቱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ስለዚህ ዶሮ በከሳ ቁጥር ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት ውሃ ውስጥ መበጥበጥ በሽታውን ያባብሳል።

መጠጫን እንዴት እናጸዳለን?

1. መጠጫውን በሳሙናና በብሩሽ አጥበው ያለቅልቁ። ቆሻሻ ካለ በረኪናው ኃይሉን ያጣል።
2. በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር) 5 በመቶ በረኪና ይጨምሩ። ሽታ ወይም ቀለም የተጨመረበትን አይጠቀሙ።
3. መጠጫውን ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ።
4. በንጹህ ውሃ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁ።

በረኪናን ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ውህዱን በየዕለቱ አዲስ ያዘጋጁ።

ለመጠጥ ውሃ

ለ20 ሊትር ጀሪካን ንጹህ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር በረኪና ይበቃል፤ በሲሪንጅ ይለኩ። የፈንግል ክትባት በውሃ በሚሰጥበት ቀን፣ እንዲሁም ከዚያ በፊትና በኋላ ባለው አንድ ቀን በረኪና አይጨምሩ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ስለሆነ ይሞታል፤ ዶሮዎቹም ሳይከተቡ ይቀራሉ። በክትባት ቀን መጠጫውንም በንጹህ ውሃ ብቻ ይጠቡ።

በረኪና የማይሠራው

በረኪና ስርጭቱን ይገታል እንጂ የታመመችውን ዶሮ አያድንም። በአፏ ውስጥም አይቀቡ። የታመሙትን ለይተው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳዩ። ፈንጣጣና የቫይታሚን ኤ እጥረትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ፣ ለይቶ ማወቁና የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ማዘዙ የባለሙያው ሥራ ነው።

ሻጋታ የያዘ መኖ ያስወግዱ፤ ቤቱን ያናፍሱ። ለተከታይ አርሶ አደሮችዎ ሲያስተምሩም ልኬቱን በሲሪንጅና በማንኪያ እያሳዩ ያስተምሩ፤ በግምት የተጨመረ በረኪና ወይ አይሠራም ወይ ይጎዳል።