መንደሩ ለፔንግዊኖች የተለቀቀበት ደሴት

ከሜልበርን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሳን ሬሞን ድልድይ የተሻገረ ሰው ፊሊፕ ደሴት ይገባል። በደሴቷ ምዕራባዊ ጫፍ ያለው ሰመርላንድ ዛሬ ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ ስለሆነ መንደር የነበረበት አይመስልም። ከአርባ ዓመት በፊት ግን ከ700 በላይ ቦታዎች ተሸንሽነውበት፣ ወደ 180 የሚጠጉ ቤቶች ቆመውበት ነበር።

የቦታው ነባር ባለቤት ትንሿ ፔንግዊን ናት። ቁመቷ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ በዓለም ካሉት ፔንግዊኖች ሁሉ ታናሿ ናት። ቀን ባሕር ላይ ዓሣ ስታድን ትውልና ሲጨልም ጫጩቶቿ ወዳሉበት ጉድጓድ ትመለሳለች። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደሴቷ ላይ ዐሥር የፔንግዊን ሰፈሮች ነበሩ። በ1980ዎቹ የተረፈው አንድ፣ እሱም ሰመርላንድ ብቻ ነበር። ቀሪዎቹን ያጠፋቸው የሰው ሥራ ነው፤ ቤትና መንገድ ተሠራ፣ ውሻ ተለቀቀ፣ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ወደ አውስትራሊያ ያስገቡት ቀበሮም ተራባ። በዚያ አያያዝ ከቀጠለ እስከ 1997 ድረስ አንድም ፔንግዊን እንደማይተርፍ ተመራማሪዎች አስጠነቀቁ።

የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 የወሰደው ርምጃ በአገሩ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። የመንደሩን ይዞታ በሙሉ ገዝቶ፣ ቤቶቹን አንሥቶ መሬቱን ለወፎቹ ሊመልስ ወሰነ። ግዢው የተጠናቀቀው በ2010 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ለባለ ቤቶቹ ቀላል አልነበረም፤ ቤቱ እንደሚፈርስ እያወቀ ዓመታት የጠበቀ ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። መንግሥት ገንዘብ ከፍሏል፤ ባለሥልጣናት ቢቀያየሩም ዕቅዱ አልተጣለም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ ከሰመርላንድ ቤቶች ብዙዎቹ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ነበሩ፣ የግጭ ገበሬ የለቀቀው እርሻውንና የትውልድ ቀዬውን ነው። ስለዚህ ለዱር እንስሳ ሲባል ሰው ይነሣ በተባለ ቁጥር የሚነሣው ማን እንደሆነና ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

ቀበሮውን ማጥፋቱም ዓመታት ፈጅቷል። አንድ ቀበሮ በአንድ ሌሊት ከሚበላው በላይ ብዙ ፔንግዊኖች ይገድላል። ደሴቷ ከቀበሮ ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2017 ሲሆን፣ ድልድዩ ከዋናው ምድር ስለሚያገናኛት ጥበቃው እስከ ዛሬ አልላላም። በዚያው ዓመት ባንድኩት የተባለው ከረጢት ያለው ትንሽ እንስሳ ወደ ደሴቷ ገብቶ ተራብቷል። የፔንግዊኖቹም ቁጥር ዛሬ 40 ሺህ ገደማ ይደርሳል።

ጎብኚው ከባሕሩ ዳር በተሠሩት መቀመጫዎች ላይ ሆኖ ጨለማን ይጠብቃል። መጀመሪያ አረፋው ውስጥ ጥቂት ነጫጭ ሆዶች ይታያሉ። አንዷ ወደ አሸዋው ትወጣለች፣ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ትፈራና ትመለሳለች። ጓደኞቿ እስኪበዙ ድረስ እንዲህ ስታደርግ ቆይታ ሁሉም ተያይዘው ይወጣሉ፤ ደረታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው ዘርግተው፣ ከእንጨት መተላለፊያው አጠገብ እየተደናቀፉ ዳገቱን ይያያዙታል። ከየጉድጓዱ የጫጩቶች ጩኸት ይሰማል። ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ መብራት ያስደነግጣቸዋል።

በሜልበርን፣ ፉትስክሬይና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የባሕሩ ነፋስ በበጋም ይበርዳልና ወፍራም ልብስ ያዙ። ስትመለሱም ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት ዝቅ ብላችሁ ከመኪናው ሥር ተመልከቱ፤ ፔንግዊኖቹ እዚያ ይጠለላሉ።