ኮዱን ያልተረከቡት መኪና

ወልድያ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ነገር ይፈትሻል። ጎንበስ ብሎ ዘይት ማንጠባጠቡን ያያል፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፣ ጋራዥ ወስዶ ሞተሩን ያስደምጣል። ስለ ቁልፉ ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስንት ቁልፍ እንዳለው። ሁለት ነው ከተባለ ነገሩ አለቀ። ከሳምንታት በኋላ በሩ አልከፈት ሲል ወይም ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ሲጠፋ፣ ከመኪናው ጋር መረከብ የነበረበት አንድ ዕቃ ከሻጩ እጅ እንደቀረ ያን ጊዜ ይገባዋል። ያ ዕቃ ኮዱ ነው።

ጉዳዩ ድሮም ነበረ፤ ዋጋው ግን እንደ ዛሬ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ በረከተ፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ ባለቤት ላይ የደረሰው ጥቂት አይደለም። መኪናው በዞረ ቁጥር ከፋብሪካ ይዞት የመጣው መጽሐፍ፣ ካርድና የቁልፍ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ ብረት አንድ በአንድ ይጠፋሉ። በሰሜን ወሎ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነትም ከብዙ ቤትና ሱቅ ሰነድ ይዞ ሄዷል። ሊብሬ ቢጠፋ ምትክ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ። ለኮድ ካርድ እንዲህ ያለ መስኮት የለም።

ለችግሩ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው በሩ ላይ የቁጥር መጫኛ፣ በተለምዶ ኪፓድ የሚባለው ያለበት መኪና ነው። ይህን ሥርዓት በሰፊው ያስተዋወቀው የአሜሪካው ፎርድ ሲሆን፣ ከ1980 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ በፎርድ፣ በሊንከንና በሜርኩሪ መኪኖች ላይ ሲገጠም ቆይቷል። በወልድያና በመርሳ ጎዳናዎች የሚበዙት ቶዮታና ኢሱዙ ስለሆኑ እንዲህ ያለው መኪና አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። ሆኖም ሲገኝ የሚያውቀው ባለሙያ ጥቂት በመሆኑ ገዢውን ያስጨንቃል።

ኪፓዱ አምስት መጫኛ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት አኃዝ ተጽፏል። 1 እና 2 አንድ መጫኛ ናቸው፤ 3 እና 4 አንድ፤ እስከ 9 እና 0 ድረስ እንዲሁ። ኮዱም አምስት አኃዝ ነው። መኪናው የሚያነበው አኃዙን ሳይሆን መጫኛውን ስለሆነ ኮዱ 13579 የሆነ መኪና በ24680ም ይከፈታል። ከዚህ የተነሳ ሊኖሩ የሚችሉት ኮዶች 3,125 ብቻ ናቸው። አንድ በአንድ ልሞክር የሚል ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይጨርሳል፤ ሰባት ጊዜ የተሳሳተ ኮድ ሲነካ ኪፓዱ ለአንድ ደቂቃ ራሱን ይቆልፋል። ሁሉንም ለመጨረስ ለጥበቃ ብቻ ከሰባት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ ኪፓዱ ተበላሽቷል የሚባለውም በዚህች አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ተናዶ ደጋግሞ ይጫናል፤ መኪናው ሌባ መሰለው እንጂ አልተበላሸም። መፍትሔው እጅን ሰብስቦ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ወይም በሪሞት መክፈት ነው።

ብልሽትና የኮድ ስሕተት የሚለዩት በመብራት ነው። መጫኛው ሲነካ ጨርሶ ካልበራ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪው ደክሟል፣ ፊውዝ ተቃጥሏል ወይም በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚታጠፈው ሽቦ ማጠፊያው ጋ ተበጥሷል። መጫኛው ላይ ያለው ላስቲክ ተሰነጣጥቆ አቧራና ውኃ ማስገባቱም አለ። ከበራና ካልከፈተ ደግሞ ከውስጥ ያለውን ሴንትራል ሎክ መሞከር ነው። ያ ከሠራ የበሩ ሞተር ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የኮዱ ነው ማለት ነው። የሾፌሩ በር ተከፍቶ ሌሎቹ እምቢ ካሉ ብልሽት አይደለም፤ ኮዱ እንደገባ በአምስት ሰኮንድ ውስጥ 3 እና 4 ያለበትን መጫን ይፈልጋሉ። ለመቆለፍ 7-8ን እና 9-0ን አንድ ላይ መጫን በቂ ነው፤ ለዚህ ኮድ አይጠየቅም።

ባትሪ ነቅሎ ማሳደር ኮዱን ይመልሰዋል የሚለው ወሬ ከንቱ ነው። የፋብሪካው ኮድ በባትሪ መነቀል አይጠፋም፤ ባለቤቱም ሊለውጠው አይችልም። የሚገኘው ከመጽሐፉ ጋር በሚሰጠው ካርድ ላይ ነው። ካርዱ ከሌለ በብዙ ሞዴሎች በሮቹን የሚቆጣጠረው ሞጁል ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል፤ ሞጁሉ እንደ ሞዴሉ ከዳሽቦርድ ሥር ወይም ከኋላ የጎን ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ አንዳንድ ሞዴሎች ሁለት የተመዘገቡ ቁልፎችን ተራ በተራ በመጠቀም ኮዱን ስክሪኑ ላይ ማየት ይቻላል። ሁለት ቁልፍ መረከብ ጥቅሙ እዚህም ላይ ይታያል።

ገዢው ይበልጥ ሊያስብበት የሚገባው ግን የቀድሞው ባለቤት የጨመረው የግል ኮድ ነው። ያ ኮድ በስም ዝውውር አይጠፋም። ሻጩ፣ የሻጩ ሾፌር፣ አንድ ጊዜ የተነገረው ደላላ ሁሉ በሩን መክፈት ይችላሉ። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ለማጥፋት የፋብሪካው ኮድ ይገባል፣ በአምስት ሰኮንድ ውስጥ 1-2 ይነካል፣ ከዚያ 7-8 እና 9-0 አንድ ላይ ለሁለት ሰኮንድ ይያዛሉ። የፋብሪካው ኮድ የሌለው ገዢ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሚያሳስበውም ይኸው ነው። ደግነቱ ኪፓዱ በር ይከፍታል እንጂ ሞተር አያስነሳም።

ሞተሩን የሚያስነሳው ቁልፉ ውስጥ የተቀበረው ቺፕ ነው፤ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ገዢ በብዛት የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ቶዮታዎች ቁልፍ ተራ ብረት በመሆኑ መንገድ ዳር ያለ ቁልፍ ቀራጭ ይጨርሰዋል። ቺፕ ላለው ግን ብረቱን መቅረጽ የሥራው ግማሽ ነው፤ ቺፑን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ማስተዋወቅ ይቀራል። በርካታ ቶዮታዎች ላይ ዋና ቁልፍና ረዳት ቁልፍ ይለያያሉ። በቆዩት ሞዴሎች ዋናው ጥቁር፣ ረዳቱ ግራጫ ነው። አዲስ ቁልፍ የሚመዘገበው በዋናው ስለሆነ፣ ሁለት ቁልፍ ተረክቤአለሁ ያለ ሰው ሁለት ረዳት ተረክቦ ሊሆን ይችላል። ሪሞት ሲገዙም መልኩ አንድ መሆኑ አያሳምን፤ ለጃፓንና ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ብዙውን ጊዜ በ315 ሜጋ ኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠራው በ433 ነው። በቅርቡ የበዙት የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በስልክ የሚከፈቱ ስላሉ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልተነሳ ቁልፉ በኪሱ ቀረ ማለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል አይደለም። ሁሉም ቁልፍ የጠፋበት መኪና በራሱ አይሄድም። መርሳ ላይ የቆመ ከሆነ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማስተዋወቂያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ እዚያ ከታጣ ደሴ ከወልድያ 120፣ አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ወይ መኪናው በሎቤድ ይጫናል፣ ወይ ባለሙያው አበል ተከፍሎት ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ ደጋግሞ ስለተዘጋ መኪናው ቆሞ የሚያከስረው ቀን በዚህ ላይ ይደመራል። የትራንስፖርት መኪና ከሆነ ይህ ወጪ ከደላላው ኮሚሽን ሊበልጥ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ቁልፍና ኮድ በውሉ ካልተጠቀሱ ግን ክርክሩ የቃል ይሆናል። ጠንቃቃ ደላሎች በውሉ ላይ የዋናና የረዳት ቁልፍ ብዛት፣ የቁልፍ ቁጥር ብረት፣ የሪሞትና የኮድ ካርድ መኖር አለመኖሩን ያስጽፋሉ፤ ኮዱ ራሱ አይጻፍም፣ ለገዢው ብቻ ይሰጣል። ከዚያ ሁለቱም ቁልፎች ተራ በተራ ሞተር እንዲያስነሱ ይደረጋል። የጎደለ ካለ ምትኩን የማስወጣቱ ዋጋ ቀሪው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይቀነሳል።