ስለ ባለ ረጅም ጥፍሯ የመስክ ወፍና ስለ ሣር መሬት አጠባበቅ

በደጋ ሣር ሜዳ ላይ ከሚኖሩት ታናናሽ ወፎች አንዲቱ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። የወፎችን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ ይሏታል፤ ትርጓሜውም አንገተ ቢጫ ባለ ረጅም ጥፍር ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣላት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የጀርመን አገር ተመራማሪ ሲሆን፣ ነገሯን በጽሑፍ የገለጠው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ነው።

ወፊቱ ከጀርባዋ ለሚመለከታት ሰው ቡናማና ዝንጕርጕር ስለ ሆነች ከሣሩ አትለይም። ፊቷን ባዞረች ጊዜ ግን ቢጫው ጕረሮዋና እንደ ድሪ የከበበው ጥቍር መስመር ጐልቶ ይታያል። በታናሽ ቍጥቋጦ ወይም በድንጋይ ላይ ቆማ ታዜማለች፤ ፌንጣንና ሌላውንም ተባይ ለቅማ ትመገባለች። ጎጆዋን የምትሠራው በዛፍ ላይ ሳይሆን በሣር መካከል በምድር ላይ ነው። እንደ ሽመላም ወራት ጠብቃ ወደ ሩቅ አገር አትሄድም። ስለዚህ መስኳ የጠፋ እንደ ሆነ የምትሸሽበት ሌላ ስፍራ የላትም።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህችን ወፍ ለመጥፋት አደጋ ከተቃረቡት መካከል መዝግቧታል። ይኸውም ዛሬ ገና በየደጋው ትታያለች፤ ነገር ግን ሣሩ እየተመናመነ ሲሄድ ቍጥሯም አብሮ ይቀንሳል ማለት ነው። ምክንያቱም ሦስት ነው፤ መስኩ መታረሱ፣ ከብት ከልክ በላይ መብዛቱ፣ በገላጣው መሬትም ላይ ቤትና ባሕር ዛፍ መተከሉ ነው።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ ምዕራብ እጅግ የቀረበ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ቤት እየበዛ ሲሄድ ቀድሞ የሚያዘው ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው፤ ገላጣ ስለ ሆነ ባዶ መሬት ይመስላልና። ከዚያ ወደ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ሲወጣ የገፈርሳ ውኃ ማጠራቀሚያ ይገኛል፤ ይህም ለዋና ከተማው የሚጠጣ ውኃ ይሰጣል። በዙሪያው ያለው ሣር ለወፊቱ መኖሪያ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አፈሩ ታጥቦ ወደ ውኃው እንዳይገባ የሚይዘውም እርሱ ነው። ስለዚህ መስኩን መጠበቅ ለወፍ ብቻ የሚደረግ ርኅራኄ ሳይሆን ለሰው የሚጠቅም ሥራ ነው።

ከጎረቤት አገር ምሳሌ ማየት ይቻላል። የዚህች ወፍ ዘመድ የሆነች ሌላ ባለ ረጅም ጥፍር በኬንያ ደጋ ብቻ ትኖራለች። እርስዋም የምትኖርበት የኪናንጎፕ መስክ አብዛኛው በግል ባለይዞታዎች እጅ ያለ ሲሆን፣ ሣሩ እየታረሰ ስለ ጠፋ ከኛይቱ ይልቅ ወደ ከፋ አደጋ ደርሳለች።

ለጥበቃው ሥራ ግን ከሩቅ መማር አያሻም። በመንዝ የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአገሬው ሥርዐት ሲጠበቅ ኖሯል። ሕዝቡ ሹም መርጦ መስኩን ለዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ በደረሰ ጊዜም ከፍቶ ለክዳንና ለግጦሽ ይካፈለው ነበር። ይህ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞታል።

እንግዲህ መሬት በእጃቸው ያለ ሹማምንትና ባለይዞታዎች የሚከተለውን ቢፈጽሙ መልካም ነው። አንደኛ፣ መሬት ሲከፋፈል ሜዳውን ሁሉ ባዶ ብለው አይመዝግቡት፤ ጨፌውንና የግጦሹን መስክ ለይተው ይጻፉት። ሁለተኛ፣ መስኩን ከፋፍለው በየተራ ያሳርፉት እንጂ ሁሉን በአንድ ጊዜ አያስግጡት። ሦስተኛ፣ ሣር አጫጆች ጎጆ ባገኙ ጊዜ ጫጩቶቹ እስኪበርሩ ድረስ በዙሪያው ያለውን ሣር እንዲተዉ ይዘዙ። አራተኛ፣ ዛፍ መትከል ያስፈለገ እንደ ሆነ በተራቈተው ተዳፋት ላይ እንጂ በሣር ሜዳ ላይ አያስተክሉ።

የታረሰ ጨፌ በአንድ ክረምት ወደ ቀድሞው አይመለስም። ይህች ወፍ ከአገራችን የጠፋች እንደ ሆነም ከሌላ አገር ሊያመጧት አይቻልም።